የወይራው ምንጭና የብሩክታዊት ትምህርት

ንፋስ መውጫን ያላየ ሰው ስሟን ሰምቶ ይረዳት። ነፋስ ሲወጣ በዚያ በኩል ነው የሚወጣው፤ ሲገባም የሚያንኳኳ አይደለም። እኔ እዚያ ባጃጅ እነዳለሁ። በአንድ የየካቲት ቀን መንገደኛ ሞልቼ ወደ መናኸሪያ ስታጠፍ፣ ነፋሱ ከሥር ገብቶ ባጃጄን ከነሰዎቿ ብድግ አደረገና ወገዳ ገበያ መሐል፣ ከበርበሬ ሻጮቹ አጠገብ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ ብሎ አስቀመጠን። ወገዳ ማለት እኮ ሌላ ወረዳ ነው፤ ስማዳ! መንገደኞቹ ወርደው “ሒሳብ ስንት ነው?” ሲሉኝ “እኔ ምን ደከምኩ፣ ለነፋሱ ስጡት” ብያቸዋለሁ።

ይህን ስናገር የሚያምነኝ ስለጠፋ የአገሩ ሰው “ቀዳጁ ምስጋናው” ብሎ ስም አወጣልኝ። ትምህርቴም ከዘጠነኛ ክፍል አላለፈም። ቢሆንም የጀመርኩትን መጽሐፍ ሁሉ እስከ ግማሹ አነባለሁ። ግማሽና ግማሽ ሲደመር ሙሉ ስለሚሆን ራሴን ከተማሩት ወገን እቆጥራለሁ።

አሁን የምጽፈው ግን የነፋሱን ዓይነት አይደለም። ምስክር አለኝ፤ ምስክሬም ቆብና ጥምጥም ያለው ነው።

ግንቦት ነበር፤ ምድሩ ደርቆ ዝናብ የሚጠበቅበት ጊዜ። ከከተማ ያመጣሁትን እንግዳ ወይራ ጊዮርጊስ ደብር አድርሼ ስመለስ፣ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ መቋሚያቸውን ተደግፈው መንገድ ዳር ቆመዋል። እኒህ ሰው ድጓውን እዚሁ ጋይንት፣ ቅኔውን ስማዳ፣ ትርጓሜውን እስቴ፣ አቋቋሙን ጎንደር ወርደው የተማሩ፣ ባሕረ ሐሳቡን በጣታቸው አንጓ የሚቆጥሩ ሊቅ ናቸው። አገሩ በሙሉ የኔታ ይላቸዋል። ባጃጄን አቆምኩና ወረድኩ።

“እንደምን ዋሉ የኔታ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ውሸትህን እቤትህ ትተህ መጥተህ እንደሆነ ወደ ከተማ ውሰደኝ፤ ይዘኸው መጥተህ እንደሆነ ግን በእግሬ እሄዳለሁ።”

“እቤት ነው የተውኩት፣ የኔታ።”

“ይኸው አንድ በል” አሉና ገብተው ተቀመጡ።

ጥቂት እንደሄድን ጉዳያቸውን ጠየቅኋቸው። የኔታ ነገር ሲከነክናቸው ጥምጥማቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ ያደርጋሉ፤ ያን ቀን ቅንድባቸው ድረስ ወርዷል።

“ልጅ ላስጥል ነው የምሄደው።”

“ከምን?”

“ከቅምሻ። ብሩክታዊትን፣ የልጄን ልጅ፣ ታውቃታለህ።”

“እንዴት አላውቃት!” አልኩ። አባቷ ሲሞት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የፈተናዋ ውጤት በተሰማ ጊዜ ደብሩ እልል ብሏል። እኔም በበኩሌ ወረቀቱን ያረመው ኮምፒውተር ከደስታው ብዛት እንደጨሰ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ።

“እንግዲያው ስማ። ሐኪም ለመሆን መንገዱ ወለል ብሎላታል። እሷ ግን የተመደብኩበት ዩኒቨርሲቲ ለላቁ ተማሪዎች የከፈተው ልዩ ትምህርት አለ፣ ኦነርስ ይባላል፣ ለዚያ ተመረጥኩ አለችኝ። ደስ አለኝና ምን ያስተምራሉ ብዬ ብጠይቃት፣ ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሕግ፣ ስሌት፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ደግሞ የአፈርና የውኃ ነገር፣ ሁሉንም ባንድ ላይ! እስኪ አንተ ንገረኝ፤ ከየወጡ ጥቂት ጥቂት የሚቀምስ ማን ነው?”

“ማን ነው?”

“የሠርግ ቤት ዝንብ! ስሟን የምታረጋግጥበት ቀን ነገ ማታ ያልቃል። ትናንት ለዚሁ ከተማ ወርዳለች። ሳታረጋግጥ ልድረስባትና ሐኪምነቱን ትያዝ።”

አንባቢ ሆይ፣ የልጅቷ ዕጣ በዚያች ሰዓት ነዳጅ መስጫውን በጨበጠው እጄ ውስጥ ነበረ። ብፈጥን ትቀራለች፣ ብዘገይ ታመልጣለች። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ከሁሉም ግማሽ ግማሹን ያወቅሁ ሰው ነኝና፣ ሁሉንም ሙሉ ሙሉውን ማወቅ የሚቻልበት ቤት አለ ሲባል ልቤ ወደ ልጅቷ አደላ። ከደብሩ በታች፣ ቀድሞ ምንጭ በነበረበት ከትልቁ ወይራ ሥር ስንደርስ ሞተሩን ድርግም አደረግሁት።

“ምን ሆነች?” አሉ የኔታ።

“ውኃ ጠማት።”

“ባጃጅ ቤንዚን ነው የምትጠጣው ሲሉ ሰምቼ ነበር።”

“የጋይንት ባጃጅ በግንቦት ውኃም ያምራታል፣ የኔታ።”

“ሁለት በል” አሉና ወርደው ከወይራው ሥር ካለው ድንጋይ ተቀመጡ። “ውኃ ከፈለገችም መጥፎ ቦታ ቆማለች። ይህ ምንጭ ከደረቀ ሰነባብቷል።”

ጊዜ ማግኘቴ ስለነበር እኔም ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አልኩና አስቀድሜ ያሰብኩትን ወጥመድ ዘረጋሁ።

“የኔታ፣ አንድ ነገር ይፍረዱኝ። አንድ ልጅ ነበር። ከአባቱ ቤት ጠፍቶ ዜማ ተማረ። ዜማውን ይዞ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? እሱ ግን ተነሥቶ ቅኔ ቤት ገባ። ከቅኔ ቤት ወጥቶ ትርጓሜ፣ ከትርጓሜ አቋቋም፣ ከዚያም ባሕረ ሐሳብ። ከአንዱ ደብር ወደ አንዱ ደብር ሲዞር ጠጉሩ ሸበተ። ይህን ሰው ምን ይሉታል?”

የኔታ ቀና ብለው አዩኝና ጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ።

“ናታን ለዳዊት የአንዲቱን በግ ታሪክ ሲነግረው ዳዊት መጽሐፉን አላነበበውም ነበር፤ ገና አልተጻፈማ። እኔ ግን አንብቤዋለሁ። ‘ሰውዬው እርስዎ ነዎት’ ልትለኝ አይደል? አንተ ልጅ፣ በእኔው ወጥመድ እኔን!”

አፈርኩ። ማፈር ስለማላውቅበትም ጆሮዬን አከክሁ።

“ቢሆንም ልመልስልህ። እኔ የዞርኩት ሁሉ አንድ ቤት ነው። በሩ ብዙ፣ ቤቱ አንድ፤ ቤተ ክርስቲያን። የሷ ግን ፍልስፍናው ከአፈሩ ምን አገናኘው? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።”

ይህን ሲሉ ከመታጠፊያው በኩል አንዲት ልጅ አቧራ ለብሳ ብቅ አለች። ነጠላዋን አገልድማ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትገሰግሳለች። ብሩክታዊት ነበረች! ሚኒባሱ ከአስፋልቱ ዳር አውርዷት ሽቅቡን በእግሯ መጥታለች። ሮጣ ጉልበታቸውን ሳመች።

“ተመዘገብሽ?” አሉ ሳይመርቋት።

“አልተመዘገብኩም፣ አባባ። ስልኩን ከፍቼ ጨርሼ ነበር፤ ያለ እርስዎ ምርቃት ጣቴ እንቢ አለኝ። ለዚህ ነው የመጣሁት።”

የኔታ ትንሽ ለዘብ አሉ፤ ጥምጥማቸው ግን ከቅንድባቸው አልተነሣም። “ጣትሽ ካንቺ ይልቅ ብልህ ነው” አሉ። “በይ ተቀመጪ። ይህን ትምህርት ስትጨርሺ ሰው ምን ብሎ ይጥራሽ? ሐኪሙን ሐኪም፣ ዳኛውን ዳኛ ይሉታል። አንቺንስ?”

“ብሩክታዊት ይበሉኝ።”

“እሱንማ ክርስትና ስትነሺ አውጥተንልሻል፤ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።”

እኔ ሳቅሁ። ልጅቷም ሳቀች፣ ግን አልተበገረችም።

“አባባ፣ መጀመሪያ ሁሉንም በሰፊው እማራለሁ፤ ከዚያ አንዱን ዋና ሙያ አድርጌ እይዛለሁ። ዛፉ አንድ ነው። እኔ የምለው ሥሩ ይብዛ ነው።”

“ሐኪም ብትሆኚ ሥር የለውም?”

“አለው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ተማሪ ሳሉ አኩፋዳ ይዘው ቁራሽ ሲለምኑ ከስንት ቤት ይለምኑ ነበር?”

“መንደሩን ሙሉ ነዋ!”

“ምን ምን ይሰጥዎ ነበር?”

“የገብስ ቂጣው፣ የጤፍ እንጀራው፣ ባቄላው፣ አንዳንዴም የፋሲካ ዳቦ።” የኔታ ዓይናቸው ራቅ ብሎ ሄደ። “ሁሉም ባንድ አኩፋዳ ይገባል። ባቄላው ከዳቦው ጋር፣ ዳቦው ከቂጣው ጋር ተደባልቆ… እግዚአብሔር ያውቃል፣ የዚያን ጊዜ ምግብ የመሰለ አልቀመስኩም።”

“የሠርግ ቤት ዝንብ ነበሩ ማለት ነው?” አልኳቸው።

“አንተ ዝም በል!” አሉኝ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው “እንጀራና ዕውቀት አንድ አይደለም። እንጀራ ሆድ ውስጥ ይገናኛል፤ ዕውቀት የት ይገናኛል?” አሉ።

ልብ በሉ፤ ሊቅ ሲረታ እንኳ ጥያቄው መልካም ነው። ልጅቷ ብድግ አለች።

“እዚሁ፣ የተቀመጡበት ቦታ ላይ ይገናኛል፣ አባባ። ይህ ምንጭ ለምን ደረቀ?”

“ስንት ጊዜ በዐውደ ምሕረት ተናገርኩ? በጠባችን ነው! ሁለቱ መንደሮች፣ ላይ አምባና ታች አምባ፣ በዚህ ከበላያችን ባለው የጋራ መስክ ተካሰው ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲጓተቱ፣ እግዚአብሔር ውኃውን ወሰደው።”

“የውኃው ባለሙያ መጥቶ ምን አለ?”

“ሳቀብኝ። ‘አባ፣ ይህ ተረት ነው፤ ዝናቡ ወደ መሬት አልሰረገም’ አለኝ። እኔም ከሐዲ አልኩት፤ ተለያየን። ቀጥሎ አንዱ መጣና ባሕር ዛፉ ነው የጠጣው አለ። ባሕር ዛፉ ተቆረጠ፤ ውኃው ግን አልመጣም። የሕጉ ሰው ደግሞ ‘የእኔ ሥራ ይዞታው የማን እንደሆነ ማየት ነው፣ ውኃ አይመለከተኝም’ ብሎ ሄደ። ሁሉም አንዳንድ ቃል ተናግረው ሄዱ፤ እኛ በጥማችን ቀረን።”

“እኔ ግን እርስዎ ልክ ነዎት እላለሁ። በጠባችን ነው የደረቀው።”

የኔታ ፊታቸው ተቀየረ። “አታሹፊብኝ፣ ልጄ።”

“አላሾፍኩም። ለኦነርሱ የሚያመለክት ሰው በአገሩ ያለ አንድ ችግር መርጦ፣ በአንድ ዓይን ብቻ ሳይሆን በብዙ ዓይን አይቶ እንዲያስረዳ ነበር የተጠየቅነው። እኔ ይህን ምንጭ መረጥኩ። በዕድሜ የገፉትን እማሆይ የኔነሽን ስጠይቃቸው፣ በሙሽርነታቸው ጊዜ መስኩ ሣር ብቻ ነበር፤ በኅዳር እንኳ ሲረግጡት እግር ያሰምጥ ነበር አሉኝ። ክሱ ሲነሣ ፍርድ ቤት ‘መሬቱን የያዘው ማን ነው?’ አለ። የያዘ ሰው ደግሞ የሚታወቀው በማረሱ ነው ተባለ። ስለዚህ ላይ አምባዎች የመስኩን እኩሌታ አረሱት። ታች አምባዎችም እንዳይቀደሙ የቀረውን አረሱት። ለእህል ብለው አይደለም፤ ለምስክርነት ነው።”

“እውነት ነው” አሉ የኔታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ከዚያስ?”

“ማሳው ውኃ እንዳይተኛበት በማረሻ ፈሰስ፣ የውኃ መውረጃ ቦይ፣ አወጡለት። ፈሰሱም ሁሉ ቁልቁል ወደ ገደሉ ነው። አያ ምስጋናው፣ ያን ውኃ አቀብለኝ።”

“የቱን ውኃ?” አልኩ ደንግጬ።

“ከወንበርህ ኋላ ያለውን ጀሪካን።”

የኔታ ዞር ብለው ባጃጄን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። “ውኃ ተሸክማ ነው ይህች ባጃጅ የጠማት?”

“ሦስት ይበሉ፣ የኔታ” አልኩና ጀሪካኑን አቀበልኳት። የተያዘ ሌባ ቢያንስ ዕቃውን ማቀበል አለበት።

ብሩክታዊት እኛን አስከትላ ጥቂት ሽቅብ ወጣች። ከታረሰው ማሳ ጫፍ ላይ ቆመችና የጀሪካኑን እኩሌታ ከፈሰሱ ውስጥ አፈሰሰችው። ውኃው እንደ እባብ ተስለከለከና አፈሩን ቀይ አድርጎ እየጠረገ ከገደሉ ገባ። ለመመለስም ሆነ ለመሰናበት አላሰበም። ከዚያ ማረሻ ካልነካው ከደብሩ አጥር ሥር ሄደች። እዚያ የድሮው ሣር ቀርቷል። የቀረውን ውኃ ሁሉ አፈሰሰችበት። ቆመን ጠበቅን። አንድ ጠብታ አልወረደም፤ ሣሩ ውጦ ዝም አለ።

“የት ሄደ?” አሉ የኔታ አጎንብሰው ሣሩን በመዳፋቸው እየዳሰሱ።

“ወደ ውስጥ። ቀስ እያለ ሰርጎ፣ ቀድሞ እዚያ ወይራው ሥር ይወጣ ነበር። ጠቡ ክስን ወለደ፣ ክሱ ማረስን፣ ማረሱ ፈሰስን፤ ፈሰሱ ውኃውን ወሰደው። አባባ፣ እርስዎ ‘በጠባችን ነው’ ሲሉ ባለሙያው ሳቀ፤ እሱ ‘አልሰረገም’ ሲል እርስዎ ተቆጡ። የተናገራችሁት ግን አንድ ነገር ነው። እርስዎ ራሱን፣ እሱ ጅራቱን ይዛችሁ ነው የተጣላችሁት። የሕጉ ሰው ውኃውን አላየም፣ የውኃው ሰው ክሱን አላየም፣ የእማሆይ የኔነሽን እግር ግን ማንም አልጠየቀም። እኔ ልማር የምፈልገው ይህን ማገናኘት ነው።”

ነፋሱ እንኳ ያን ጊዜ ዝም ያለ መሰለኝ። ለንፋስ መውጫ አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የኔታ ከሣሩ ላይ ተቀመጡ። ጥምጥማቸውን አውልቀው ከጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ባዶ ራሳቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

“ብሩክታዊት፣ አንድ የማታውቂው ነገር አለ” አሉ። “ክሱ ሲነሣ ላይ አምባዎች ምክር ሊጠይቁ ወደ እኔ መጥተው ነበር። ፍትሐ ነገሥቱን አውቃለሁ፣ የአገሩንም ሕግ አውቃለሁ። ‘ያላረሰ ምን ይዞ ይከራከራል? ሂዱና እረሱ’ ብዬ የላክኋቸው እኔ ነኝ።”

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

“በዐውደ ምሕረት ‘ውኃው በጠባችን ሄደ’ እያልኩ ስጮህ ኖርኩ፤ መንገዱን ያሳየሁት ራሴ! ጥዋት ጥዋት እዚህ ስጸልይ ሣሩን አየዋለሁ። ባሕረ ሐሳብ ስቆጥር ክረምቱ መቼ እንደሚገባ አውቃለሁ። ሁሉን አውቄ ሳለ ሕጉን ስናገር ሕጉን ብቻ ተናገርኩ። አኩፋዳዬ አንድ ነበር፤ ዕውቀቴን ግን በየስልቻው ለያይቼ አስቀመጥኩት።” ወደ እኔ ዞሩ። “ምስጋናው፣ ያን ተረትህን ጨርሰው።”

“የቱን፣ የኔታ?”

“የናታንን። መጨረሻውን በል።”

“ሰውዬው እርስዎ ነዎት።”

“ነኝ” አሉና ተነሡ።

ከዚያ ልጅቷን አንበርክከው በመቋሚያቸው ጫፍ ትከሻዋን ነኩ። “ዕውቀትሽን ያብዛልሽ። ማብዛት ብቻ አይበቃም፤ ለእኔም አብዝቶልኝ ነበር። ያገናኝልሽ! አሜን በይ።”

“አሜን!”

እኔ ከእሷ አስበልጬ “አሜን” አልኩ። ባጃጄም በአንድ ቁልፍ ተነሣች።

ስልክ የሚሠራው ከኮረብታው ራስ ላይ ስለሆነ ሽቅብ ወሰድኳቸው። ብሩክታዊት ገጹን ከፈተችና ስልኩን ለአያቷ ሰጠቻቸው።

“እርስዎ ይንኩት።”

“የቱን?”

“አረንጓዴውን።”

በአውራ ጣታቸው ነኩት። ስሟ ጸደቀ። ስልኩን አገላብጠው አዩት። “እንዲህ በቀላሉ? ድጓ ሳስመሰክር እኮ መምህሩ በሬዬን ሸጬ ያመጣሁትን ጋቢ እንኳ ቀና ብለው አላዩልኝም ነበር!”

“ፈተናው የሚጀምረው አሁን ነው፣ አባባ። መምህራኑ የየትምህርቱ ሰዎች ባንድ ክፍል ገብተው በተማሪው ፊት ይከራከራሉ አሉ።”

“እርስ በርሳቸው?”

“አዎ።”

“አይደባደቡም?”

“እስካሁን አልሰማሁም።”

“እንግዲያውስ ከእኛ ጉባኤ ይሻላሉ” አሉ የኔታ፣ ጥምጥማቸውን መልሰው እየጠመጠሙ። አሁን ከግንባራቸው በላይ ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ነበርና ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ እንደ ልማዱ ለሰንበቴ ተሰብስቦ ዳቦና ጠላ ቀርቦ ሳለ የኔታ ብድግ አሉ። ላይ አምባ በቀኝ፣ ታች አምባ በግራ ይቀመጣል። ከተካሰሱ ወዲህ አንዱ የአንዱን ዋንጫ አይነካም።

“መስኩን እረሱ ብዬ የመከርኩ እኔ ነኝ” አሉ። “ዛሬ ምክሬን አነሣለሁ። ሣሩ ይመለስ።”

ከላይ አምባ ፊልጶስ የሚባል ኃይለኛ ገበሬ ተነሣ። “የኔታ፣ እረሱ ያሉን እርስዎ፣ ተዉ የሚሉን እርስዎ! የትኛውን ቀለመ ወርቅ እንመን?”

“የኋለኛውን። የፊተኛው ሕጉን እንጂ ውኃውን አያውቅም ነበር።”

“እኛ ብንተው ታች አምባ ቢያርሰውስ?”

ከግራ በኩል ላቀች የምትባል ሴት ሳትነሣ መለሰች። “አንተ ሰው፣ ሚስትህም እኔም አንድ ገደል ወርደን አንድ ውኃ ነው የምንቀዳው። እንስራ ስታወርድ ወገቧን ያሻሸኋት እኔ ነኝ። ለማን ብለህ ነው የምታርሰው?”

ሰንበቴው በሳቅ ፈረሰ። ፊልጶስም ሳይወድ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ መቆጣት ስላልቻለ ተቀመጠ። የዚያኑ ሳምንት ሁለቱም ወገኖች ዕርቅ አወረዱ። ፈሰሱ ተደፈነ፣ መስኩ ለሁለቱም እንዲሆን ተስማምተው ከብት እንዳይረግጠው በየተራ ጠበቁት። አንድ ክረምት አለፈ፤ በጥቅምት ወይራው ሥር መሬቱ ረጠበ። ሁለተኛው ክረምት አለፈ፤ ጥር ሲገባ ምንጩ አልተቋረጠም። እማሆይ የኔነሽ መስኩ ላይ ወጥተው ጫማቸውን አውልቀው ቆሙና “ሰመጠ! እግሬ ሰመጠ!” እያሉ እልልታቸውን አቀለጡት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን ቁጠረው። ሴቶቹ ከገደል ተገላገሉ። ለፍርድ ቤት የሚመላለሰው ሰው እርሻው ላይ ዋለ። ሁለት አምባ አንድ ዋንጫ ጠጣ። ይህን ሁሉ ያመጣው የተለያየ ዕውቀት አንድ ጭንቅላት ውስጥ ተገናኝቶ ስለተነጋገረ ነው። ሐኪምም ያስፈልገናል፣ መሐንዲስም ያስፈልገናል። ነገር ግን ሐኪሙንና መሐንዲሱን፣ መሪጌታውንና ዳኛውን አንድ ወይራ ሥር አስቀምጦ የሚያነጋግር ሰው ከሌለን፣ ሁሉም አንዳንድ ቃል ተናግረው ይሄዳሉ፤ እኛ በጥማችን እንቀራለን። ልጅህ ብዙ ልማር ካለህ የሠርግ ቤት ዝንብ አትበለው። ንብም ከብዙ አበባ ነው የምትቀስመው። ዝንብና ንብ የሚለያዩት ቤታቸው ሲገቡ ነው፤ አንዷ ማር ትሠራለች።

አሁን ምስክር አለኝ ያልኩበት ጋ ደረስኩ።

በሁለተኛው ዓመት ኦነርሶቹ ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያሳዩበት ቀን መጣና ብሩክታዊት የኔታን አስጠራቻቸው። እኔም ሸኚ ሆኜ አብሬ ሄድኩ። አዳራሹ ሞልቷል። ልጅቷ ስለ ወይራው ምንጭ ተናግራ ስትጨርስ “ይህን ያስተማሩኝ አያቴ ናቸው” ብላ ወደ መድረክ አወጣቻቸው። የኔታ መቋሚያቸውን አንሥተው ስለ ሕግና ስለ ሣር፣ ስለ አኩፋዳና ስለ ስልቻ ተናገሩ፤ በመጨረሻም በዚያው ቅኔ ዘረፉ። ሊቃውንቱ፣ ፕሮፌሰሮቹ ሁሉ፣ ካባ የለበሱት ጭምር፣ ብድግ ብለው ቆሙ። አንዱ የውኃ ሊቅ ወርዶ እጃቸውን ሳማቸው። በየዓመቱ እየመጡ ለተማሪዎቹ ባሕረ ሐሳብ እንዲያስተምሩም ለመኗቸው።

ከመንገድ እንደተመለስን ይህንን በሰንበቴው ላይ አወራሁ። ገና ሳልጨርስ ፊልጶስ በሳቅ ፈነዳ።

“ፕሮፌሰር እጅ ሳመ! ዛሬስ ከነፋሱ የባሰ ቀደድህ!”

ሰዉ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲስቅ የኔታ ገቡና ምን እንደሆነ ጠየቁ። ነገሯቸው። እኔ ራሴን አቀርቅሬ ተቀመጥኩ፤ እውነት ተናግሬ የማፍርበት ቀን ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ።

“ምስጋናው ዛሬ አልቀደደም። እንዲያውም አሳንሶ ነው የነገራችሁ። እጄን የሳሙት ሁለት ናቸው።”

አንድ ሰው አልሳቀም። ፊልጶስ ዋንጫዬን ሞላልኝ። ዓይኑ ግን ክፉኛ ሲያብረቀርቅ አየሁት፤ ወደ የኔታ ዞረ።

“እንግዲያው፣ የኔታ፣ ባጃጁን ነፋስ ወገዳ አድርሶታል የሚለውስ?”

የኔታ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና በጣም አሰቡ።

“እሱማ የነፋስን ዕውቀት፣ የሞተርን ዕውቀትና የውሸትን ዕውቀት ማገናኘት ይጠይቃል” አሉ። “ለብሩክታዊት እናቆይላት።”